ጥቁር ቀበቶ ለማን ይገባል?

ባለፈው ሰሞን፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፤ በአዲስ አበባ ከተማ ከሚገኙት የቴኳንዶ ማስተማሪያ አዳራሾች በአንደኛው ተገኝተን የቀበቶ ፈተና ተመልክተን ነበር። አዳራሹ ጠባብ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፤ ወለሉም ምንጣፍ ጣል የተደረገበት ሲሚንቶ። ልጆቹ ግን የታጠበ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፤ እንደየቀበቷቸው ቀለም ተራ ይዘው ሲቆሙ የቤቱን ጥበት ያስረሳሉ። ፈተናው ሲያበቃ መምህሩ በየስማቸው እየጠራ አዲስ ቀበቶ አስታጠቃቸው። ዐሥር ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ ብቻ ስሙ ሳይጠራ ቀረ።

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ዝም ለማለት ያልቻሉት አባቱ ናቸው። ከተቀመጡበት ተነሥተው፤ «ማስተር፤ ገንዘቡን እኮ ከፍለናል» አሉት። መምህሩም ጐንበስ ብሎ፤ «ጋሼ፤ የከፈሉት ለፈተናው ነው። በግራ እግሩ ሲመታ ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ እርስዎም አይተዋል» ሲል መለሰላቸው። አባትየው ግን፤ «ከእሱ ኋላ የጀመረው የጎረቤት ልጅ አልፎ የኔ ልጅ እንዴት ይቀራል? ሰፈር ውስጥ ምን ብሎ ይግባ?» እያሉ ድምፃቸውን ከፍ ስላደረጉ፤ ነገሩ በሌሎቹ ወላጆች ሽምግልና በረደ።

እኛም ወደ ቤታችን ስንመለስ ይህን ክርክር ልንረሳው አልቻልንም። አባትየው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ልጃቸውን ይወዳሉ፤ ከደመወዛቸው ቀንሰው ያስተምሩታል። ነገር ግን ቀበቶን እንደ ጫማ ወይም እንደ ደብተር፤ ዋጋው ሲከፈል የሚሰጥ ዕቃ አድርገው ቆጥረውታል። በዚህም አሳብ ብቻቸውን አይደሉም፤ ባሕር ማዶም ሆነ እዚህ፤ ከወላጅም ሆነ ከመምህር፤ እንዲሁ የሚያስብ ሰው እየበዛ ሄዷል። ስለዚህ ይህ የቀበቶ ማዕረግ ከየት እንደ መጣና ለምን እንደ ተፈጠረ ጥቂት ማውሳት የሚጠቅም ሆኖ አገኘነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ይገንዘቡልን።

በጥንቱ የጃፓን የጦር ጥበብ ቤቶች ቀበቶ የማዕረግ ምልክት አልነበረም። ደቀ መዝሙሩ ዓመታት ተምሮና አገልግሎ፤ መምህሩ ሲያምንበት፤ በጥቅል ወረቀት የተጻፈ ማስረጃ ይቀበል ነበር። ሥርዓቱ በየቤቱ ቢለያይም፤ ባጭሩ መጀመሪያ የተማራቸው ስልቶች ዝርዝር፤ ቀጥሎ የማስተማር ፈቃድ፤ በመጨረሻም የቤቱን ምሥጢር ሁሉ ተረክቧል የሚል ምስክር ወረቀት ይሰጠው ነበር። ከአንዱ ወረቀት እስከ ሌላው ያለው ጊዜ ረጅም ስለ ሆነ ስንቱ መንገድ ላይ ቀርቷል። ደግሞም ያ ዘመን ሁሉ ንጹሕ ነበር ለማለት አንደፍርም። ፈቃዱ በአንዳንድ ቤት በችሎታ፤ በአንዳንዱ በይሉኝታ፤ በአንዳንዱም በገንዘብ ይሰጥ ስለ ነበር፤ ጃፓኖች ራሳቸው ለየአንዳንዱ ዓይነት ፈቃድ ስም አውጥተውለት ነበር። እንግዲህ የአዲስ አበባው አባት ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው ማለት ነው።

ይህን የቆየ ሥርዓት የለወጡት ጂጎሮ ካኖ ናቸው። ካኖ በ1860 የተወለዱ፤ በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ፤ በሙያቸውም አስተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው። በ1882 በቶኪዮ ኤይሾጂ በሚባል የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ፤ 12 የጃፓን ምንጣፍ ብቻ በምትበቃ ክፍል፤ ኮዶካን የተባለውን የጁዶ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ የነበሩዋቸው ተማሪዎች 9 ነበሩ። ያን ቆርቆሮ ቤት ያየነው ሰዎች ይህን ስናስብ መጽናናታችን አልቀረም። በተከታዩ ዓመት፤ በ1883፤ ከተማሪዎቻቸው ለሁለቱ፤ ለሺሮ ሳይጎና ለጹኔጂሮ ቶሚታ፤ «ሾዳን» የሚባለውን ማዕረግ ሰጡ። «ዳን» የሚለውን አጠራር የተዋሱት ጎ ከሚባለው የጠጠር ጨዋታ ነው፤ የጎ ተጫዋቾች ችሎታቸውን በዳን መቁጠር ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸው ነበርና። (የእኛም ገበጣ እንዲህ ያለ ማዕረግ ቢኖረው ኖሮ ስንቱ የሰፈር አዛውንት ባለ ዐሥር ዳን በሆነ!)

ካኖ ደረጃውን ያበዙበት ምክንያት ግልጽ ነው። አስተማሪ ስለ ነበሩ፤ ተማሪ ዐሥር ዓመት ሙሉ ያለ አንዳች ምልክት ሲጓዝ ልቡ እንደሚዝል ያውቁ ነበር። ስለዚህ ረጅሙን ዳገት በአጫጭር እርከን ከፋፈሉት፤ የተሰወረውንም ምሥጢር ማንም በሚያውቀው ፈተና ተኩት። ከዳን በታች ላሉት ጀማሪዎች «ኪዩ» የሚባል ቁጥር ወደ ታች እየቀነሰ እስከ አንድ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ዳኑ ከአንድ ወደ ላይ ይቈጠራል። በዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንዲባልልን እንሻለን፤ «ሾዳን» ማለት በጃፓንኛ የመጀመሪያ ደረጃ ማለት ነው። ጥቁር ቀበቶ የታጠቀ ሰው፤ በእኛ አገር አነጋገር፤ ፊደል ለይቶ ዳዊት ለመጀመር የበቃ ልጅ እንደ ማለት ነው። ዳዊት የጀመረ ልጅ ቤተሰቡ ጠላ ቢጠምቅለትና ቢደሰትበት ተገቢ ነው፤ የመጻሕፍት መምህር ነኝ ብሎ ወንበር ቢዘረጋ ግን ማንም አይሰማውም። በሰፈራችን «እከሌ ብላክ ቤልት ነው» ሲባል፤ ትምህርቱን የጨረሰና የማይነካ ሰው ተደርጎ የሚወራው ወሬ ስለዚህ ከመነሻው የተሳሳተ ነው።

ባለ ዳኖች ጥቁር ቀበቶ መታጠቅ የጀመሩት በዚያው በ1880ዎቹ ዓመታት በኮዶካን ነው። ከነጭ እስከ ጥቁር የተደረደሩት ልዩ ልዩ ቀለሞች ግን የአውሮፓ ጁዶ ፍሬ ናቸው፤ በተለይም በ1930ዎቹ ዓመታት በፓሪስ ያስተምር የነበረው ሚኪኖሱኬ ካዋይሺ አስፋፋቸው። ቀበቶው ነጭ ሆኖ ጀምሮ፤ ባለመታጠቡ በላብና በአቧራ ጠቁሮ ጥቁር ቀበቶ ሆነ የሚለው ተረት ማማሩ ያማረ ነው፤ እውነት ግን አይደለም። የካራቴው መምህር ጊቺን ፉናኮሺ በ1924 ለመጀመሪያ ጊዜ ዳን ሲሰጡ የካኖን ሥርዓት ነው የተከተሉት። በኋላም በ1955 ቴኳንዶ የሚለው ስም ሲወጣና ትምህርቱ በዓለም ሲሰራጭ ቀበቶውም አብሮ ተጓዘ። ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ በ1966 የመሠረቱት የዓለም አቀፍ የቴኳንዶ ፌዴሬሽን ለየቀለሙ ትርጓሜ ሰጥቶታል፤ ነጩ አለማወቅ፤ ቢጫው ዘር የሚበቅልበት መሬት፤ አረንጓዴው ቡቃያ፤ ሰማያዊው ዛፉ የሚያድግበት ሰማይ፤ ቀዩም አደጋ ነው፤ «ራስህን ግታ፤ ባላጋራህም ይጠንቀቅ» ለማለት። አርሶ አደር የሆነ ሁሉ የሚረዳው ትርጓሜ ነው። ቡቃያን ጐትቶ የሚያሳድግ ገበሬ ግን አላየንም።

አሁን ወደ ዋናው አሳባችን እንመጣለን። በእኛ አስተያየት ቀበቶ የመምህር ምስክርነት ነው። መምህሩ ቀበቶውን ሲያስታጥቅ፤ «ይህ ሰው ይህን ያህል ያውቃል፤ እኔ አይቻለሁ» ብሎ በአደባባይ መመስከሩ ነው። ያላየውን አየሁ ብሎ ከመሰከረ ምስክርነቱ የሐሰት ነው፤ በሐሰት ምስክርነት ደግሞ ሁልጊዜ የሚጎዳ ሰው አለ። በፍርድ ቤት የሚጎዳው ባለጋራው ነው፤ በማርሻል አርት ቤት ግን የሚጎዳው ቀበቶውን የተቀበለው ተማሪ ራሱ ነው። አንዲት ወጣት ራስሽን መከላከል ትችያለሽ ተብላ፤ ተከፍሎላት፤ ታጥቃ፤ ፎቶግራፍም ተነሥታ ትሄዳለች። አንድ ቀን ማታ ከሥራ ስትመለስ መብራት በሌለበት መንገድ ክፉ ሰው ቢገጥማት፤ መሸሽ ሲገባት በቀበቶዋ ተማምና ብትቆም ማን ይጠየቃል? የምስክር ወረቀቷ ያን ጊዜ ቤቷ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ይህ የምንለው ነገር በባሕር ማዶ ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል። እንዲህ ያለውን ትምህርት ቤት እዚያ «የቀበቶ ፋብሪካ» ብለው ያሙታል። አሠራሩም ቀላል ነው፤ በሁለት ቀለሞች መካከል ሌላ ቀለም፤ በቀለሙም ላይ ሽንጥር ጨርቅ ይጨመራል፤ ለየአንዳንዱ የፈተና ገንዘብ ይጠየቃል፤ በፈተናውም የሚወድቅ የለም። አንዳንዱማ በዚህን ያህል ዓመት ውስጥ ጥቁር ቀበቶ እንዲታጠቅ ከወላጅ ጋራ አስቀድሞ ውል ይዋዋላል። የሰባት ዓመት ሕፃን ጥቁር ቀበቶ ታጥቆ ሲታይ የሚያስቅ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ሕፃኑ ራሱ አምኖበታልና ነገሩ አያስቅም። በዚህ ረገድ በ1972 በሴኡል የተቋቋመው ኩኪዎን የሚከተለውን ሥርዓት እናመሰግናለን፤ ዕድሜያቸው 15 ዓመት ላልሞላ ልጆች ዳን አይሰጥም፤ «ፑም» የሚባል የልጆች ማዕረግ ይሰጣል፤ ቀበቶውም እኩሌታው ቀይ እኩሌታው ጥቁር ነው። ልጁ ተከብሯል፤ ውሸትም አልተነገረውም።

መምህራኑን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ፈተናው ካለቀ በኋላ ያን ወጣት መምህር ለብቻው አነጋግረነው ነበር። የአዳራሹ ኪራይ በየጊዜው ይጨምራል፤ ተማሪዎቹ ዝናብ ሲገባ ይቀንሳሉ፤ አንድ ልጅ ተቀይሞ ሲቀር ሦስት ጓደኞቹን ይዞ ይቀራል። «ያን ቀበቶ ብሰጠው ኖሮ ማንም አይጠይቀኝም ነበር» አለን። እውነቱን ነው። በቤቱ መምህሩም፤ ፈታኙም፤ ገንዘብ ተቀባዩም እርሱ አንድ ሰው ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ቆሞ እውነት መናገር የሚቻለው ጠንካራ ሰው ብቻ ነው፤ ሥርዓት ደግሞ ሰው ሁሉ ጠንካራ ነው ብሎ ሊሠራ አይገባውም።

አባቶቻችን ይህን ችግር ያውቁት ነበር ለማለት እንደፍራለን። ድጓ የሚማር ሰው በየደብሩ ካሉት መምህራን ዘንድ ዓመታት ቢቀመጥም፤ ለማስመስከር ግን ወደ ቤተ ልሔም ይሄዳል። ያስተማረው ሌላ፤ የሚመሰክርለት ሌላ ነው። የጃፓን የኬንዶ ፌዴሬሽንም እንዲሁ ያደርጋል። በሰይፍ ትግል ከፍተኛው ደረጃ 8ኛ ዳን ሲሆን፤ ለፈተናው የሚቀርበው ሰው ዕድሜው ከ46 ዓመት ማነስ የለበትም፤ 7ኛውን ዳን ካገኘም 10 ዓመት ሊሞላው ይገባል። ፈታኞቹ ብዙዎች ናቸው፤ ከመቶ ተፈታኞች የሚያልፈው አንድ ሰው ያህል ነው። ሽማግሎች በየዓመቱ እየወደቁ በየዓመቱ ይመለሳሉ። አንድም ሰው ገንዘቡን ከፍያለሁ ብሎ አይከራከርም። ኮዶካንም ከተቋቋመ ጀምሮ 10ኛ ዳን የሰጣቸው ሰዎች 15 ብቻ ናቸው።

ማዕረግን መንፈግ ግን ሁልጊዜ ጽድቅ አይደለም። ለማይገባው መስጠት ሐሰት ከሆነ፤ ለሚገባው መከልከልም ያው ሐሰት ነው። ለዚህ ከወይዘሪት ኬይኮ ፉኩዳ የበለጠ ምሳሌ አናገኝም። ፉኩዳ በ1913 በቶኪዮ ተወለዱ፤ አያታቸው የካኖ መምህር የነበሩ ናቸው። በ1935 በካኖ ግብዣ ኮዶካን ገብተው ጁዶ ጀመሩ፤ ለዚሁ ሲሉም ትዳር ሳይዙ ቀሩ። በ1953 5ኛ ዳን ደረሱ። ከዚያ በኋላ ግን ለሃያ ዓመት ያህል በዚያው ቆሙ፤ ችሎታ አንሷቸው ሳይሆን፤ ኮዶካን ለሴት ከ5ኛ ዳን በላይ ስለማይሰጥ ነው። ያስተማሯቸው ወንዶች እያለፏቸው ሲሄዱ እርሳቸው ማስተማራቸውን አላቋረጡም። 6ኛውን ዳን በ1970ዎቹ መጀመሪያ አገኙ፤ ኮዶካን 9ኛውን የሰጣቸው በ2006 ነው፤ በ2011 ደግሞ የአሜሪካ ጁዶ ድርጅት 10ኛ ዳን ሲሰጣቸው ዕድሜያቸው 98 ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ይኖሩባት በነበረችው በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ዐረፉ። ሰውነታቸው ከስልሳ ዓመት በፊት የመሰከረውን ወረቀቱ ዘግይቶ ተከተለ። ስለዚህ መምህር ሆይ፤ በበቀል ወይም በንቀት የምትይዘው ቀበቶ፤ በገንዘብ ከምትሰጠው አይሻልም።

ስለ ሥነ ሥርዓቱም ጥቂት ሳንናገር አናልፍም። በነዚህ ቤቶች ሲገቡና ሲወጡ፤ ትግሉ ሲጀመርና ሲያልቅ፤ ጐንበስ ብሎ ሰላምታ መስጠት ግዴታ ነው። አንዳንድ ወላጆች ይህን «ለሰው መስገድ ነው» ብለው ልጆቻቸውን ሲከለክሉ ሰምተናል። እኛ ግን ስሙ የተሳሳተ ይመስለናል። ስግደት ለፈጣሪ ነው፤ ለሰው ጐንበስ ብሎ ሰላምታ መስጠት በአማርኛ ጥንቱን ስም አለው፤ እጅ መንሣት ይባላል፤ ልጅ ለታላቁ፤ እንግዳም ለባለቤቱ ሲፈጽመው የኖረ ነው። በትግል ቤት ደግሞ ምክንያቱ ጠለቅ ይላል፤ ባልንጀራህ ልትጥለውና ልታንቀው ሰውነቱን ያበድርሃል፤ ያበደረህን ሰው ሳታመሰግን አትጀምርም፤ በደኅና ሳትመልስለትም አትሄድም። ይህ ክርክር በሌላም አገር ተነሥቷል፤ በ2002 በአሜሪካ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት የሚያስችል አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት፤ ለምንጣፍና ለሥዕል ጐንበስ ማለት ከሃይማኖታችን ጋራ ይጋጫል ላሉ የጁዶ ተወዳዳሪዎች ሳይፈርድላቸው ቀርቷል። ሕጉን ለሕግ ዐዋቂዎች እንተወውና፤ እኛ ብንጠየቅ ግን ለሰው የሚሰጠውን ሰላምታ አጥብቀን እንጠይቃለን፤ ለግድግዳውና ለምንጣፉ የሚሰጠውን ለየሰው ኅሊና እንተዋለን።

የዚህን ሰላምታ ክብር ዓለም ያየው በ1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ ነው። በጥቅምት 21 ቀን የእኛው አበበ ቢቂላ በዚያችው ከተማ ማራቶኑን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። በሁለተኛው ቀን ማግሥት፤ በጥቅምት 23፤ የሆላንዱ አንቶን ጌሲንክ የጃፓኑን አኪዮ ካሚናጋን በጁዶ ገጠመ። ጁዶ በኦሊምፒክ ሲገባ የመጀመሪያው ነበር፤ አዳራሹም ጥበቡ የእኛ ነው በሚሉ ጃፓኖች ተሞልቶ ነበር። ጌሲንክ ካሚናጋን ምንጣፍ ላይ ይዞ ሰዓቱ ሲያልቅ፤ የአገሩ ሰዎች በደስታ ሊያቅፉት ወደ ምንጣፉ ሮጡ። እርሱ ግን የተሸናፊው ክብር ገና አልተጠበቀምና፤ እጁን ዘርግቶ ባሉበት አቆማቸው። ከዚያ በኋላ ልብሱን አስተካክሎ ለካሚናጋ እጅ ነሣ። የተሸነፈው የጃፓን ሕዝብ ያን እጅ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል።

ታዲያ አክብሮት ለመምህሩ ሥልጣን መሸፈኛ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በ2013 መጀመሪያ 15 የጃፓን ብሔራዊ ቡድን ሴት ጁዶ ተጫዋቾች አሠልጣኛቸው እንደሚደበድቧቸው ለአገራቸው ኦሊምፒክ ኮሚቴ አመልክተው እንደ ነበር ታወቀ፤ አሠልጣኙም ሥራቸውን ለቀቁ። ሥነ ሥርዓቱ በተወለደበት አገር እንኳ እንዲህ ከሆነ፤ ጐንበስ ያለ ተማሪ ሁሉ ተከብሮ ነው የሚማረው ብለን ልንተኛ አንችልም። እጅ መንሣት የሁለት ሰው ነው፤ መምህሩም ጐንበስ ካላለ ሥርዓቱ ጎደለ።

እንግዲህ ምን ይደረግ ቢባል፤ እኛ እንደሚመስለን በአንድ ሰፈር ወይም በአንድ ከተማ ያሉ መምህራን ተስማምተው አንዱ የሌላውን ተማሪ ቢፈትን መልካም ነው። የፈተናው ገንዘብ በየወሩ ከሚከፈለው ጋራ አብሮ ቢገባ፤ ልጁ ቢያልፍም ቢወድቅም ለማንም ትርፍ ስለማይኖረው አፍ ሁሉ ይዘጋል። ለየቀበቶው የሚፈለገው ችሎታ በአማርኛ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ደግሞ፤ ወላጅ ልጁ ለምን እንደ ቀረ አንብቦ ይረዳል እንጂ ከመምህሩ ጋራ አይጣላም። ይህ ሁሉ የመንግሥት በጀት አይጠይቅም።

ረቡዕ ማታ በዚያው በኩል ስናልፍ የአዳራሹ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ያ ልጅ ያንኑ የቀድሞ ቀበቶውን እንደ ታጠቀ፤ ግድግዳውን በአንድ እጁ ተደግፎ፤ በግራ እግሩ ሲለማመድ አየነው። አባቱም ካፖርታቸውን ደርበው፤ የልጁን ጫማ በእጃቸው እንደ ያዙ፤ በር ላይ ቆመው ይጠብቁት ነበር።